አሥራ አራት ኮፒ

አምና በአሥራ ስምንት ጨዋታ ስድስት ጎል ነው ያለን፤
ከዚያም ላይ ሁለቱን ተጋጣሚ ሰጥቶን፣
ሌላውን ንፋሱ፣ ሌላውን ዳኛ፣
አንዱን ብቻ ነበር ያገባነው እኛ።

ኳስ ወደ ጎን ስትሄድ፣ ወደ ኋላ ስትዞር፣
ከበረኛው እግር ሥር ተመልሳ ስታድር፣
ሰዓት ሠሪው ብርሌው መነጽሩን አውልቆ
"ሰዓት መሙላት እንጂ ማን ጎል ማግባት አውቆ!"
ይል ነበር ከጥላው።

ወይዘሮ ሽበሽ ናት የዘጠኝ ቁጥር እናት፤
ገበያ ስትወጣ ሰው ሁሉ ሲላት
"ልጅሽ መቼ ያገባል?" — እንደ መሰላት ሙሽራ፣
"እግዜር ሲፈቅድለት፣ ሲይዝ ጥሩ ሥራ"
ብላ ትመልሳለች። ሰዉ ሲስቅ ጊዜ
አብራ ትስቃለች፣ በሆዷ ትካዜ።

መስከረም ሳይጠባ የድሮው ተሻረ፤
ይርሳው የሚሉት ሰው ኮሌጁ ውስጥ ገብቶ ልምምድ ጀመረ።
ረዳቱ ባንቺአምላክ፣ ማጥቃት የሷ ፋንታ፣
ፊሽካ ባንገቷ አስራ ከንጋት እስከ ማታ።

እኔ ኮፒ አነሣለሁ ከኮሌጁ በር ላይ፣
ስውል የሰው ማስረጃ፣ የሰው ዲግሪ ሳይ።
አንድ ጠዋት መጣች ወረቀት ዘርግታ፤
"አሥራ አራት ኮፒ" አለች፣ ሰላምታም ረስታ።
ክብ አለ፣ ቀስት አለ፣ የነጠብጣብ መሥመር፣
ጭረቱ ብዙ ነው፣ እንደ ጠልሰም ነገር።
ማሽኑ አንዱን አኝኮ ጠርዙን አጠቆረው፤
"ጣለው" ብላኝ ሄደች። ማን ይጥላል ይህን? ግድግዳ ሰጠሁት፣ በስፒል ወጋሁት፣ እንደ ሥዕል ሰቀልሁት፣ አከበርሁት እንጂ ማን ይጥላል ይህን ሰው!

ሊስትሮው መጣ፤ ማስቲካ ሻጩ መጣ፤
የባጃጅ ሾፌሩ ተሳፋሪውን እመንገድ አስቀምጦ መጣ።
እኔም በእስክሪብቶ ቀስቱን እየጠቆምሁ
የማላውቀውን ሁሉ እንደማውቅ ተረጎምሁ፦
"ይኼ ግራ ክንፍ ነው፣ ይኼ ቀኙ ደሞ፤
አምስት ሆነው ሲነጉዱ ማን ሊመልሳቸው በራቸው ላይ ቆሞ?"
"በጨዋታ ሦስት ጎል" ብዬ ነበር ላንዱ፤
ፒያሳ ላይ አምስት ሆነ፤ ማራኪ ላይ ሰባት፤ አበዛው መንገዱ።
ብርሌው "አጉል ነው" ብሎ ወጣ አንገቱን ነቅንቆ፤
ማታ ተመለሰ በስልኩ ሊያነሣው፣
ማንም እንዳያየው ጠብቆ ጠብቆ።

የመጀመሪያው እሑድ ከደባርቅ ጋር ዋለ፤
ደረጃው ሞላና ሰው አጥር ላይ ተንጠለጠለ።
እውነትም አጠቁ! አማካዩ አጠቃ፤
ተከላካዩ አጠቃ፤ በረኛው ሳይቀር መሃል ሜዳ ወጣ፤
ቤታችን ባዶውን፣ ያለ አንድ ጥበቃ።
ሦስት ጎል አገባን። ሦስት! ተቃቀፍን፣ ዘለልን።
አራት ገባብን።

ሦስተኛውን ያገባው የሽበሽ ልጅ ነበር።
"አገባ! አገባ!" ሲል ሕዝቡ ሲሸበር
እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ
"ሳይነግረኝ አገባ!" ብላ ሳቀች፣ ከልቧ፣ ከሰው ሁሉ ጋራ።

ስንመለስ ግን ሰዉ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣
"ይኼ ምን ቡድን ነው? ተከላካይ የለው!" ይላል ተናድዶ።
አምና ጎል አጣን ብሎ ያለቀሰው ሁሉ
"ዜሮ ለዜሮ እኮ ጥሩ ነበር" አሉ።

ማክሰኞ ባንቺአምላክ አዲስ ወረቀት ይዛ
መጣች፣ ድምጿ ሰልሎ፣ ደክማና ፈዝዛ።
ቀና ብላ አየችው። "ይህን ማን ሰቀለው?"
"እኔ ነኝ።"
"ዘቅዝቀህ ነው።
ደግሞ ማጥቃት አይደለም፤
ኳስ ስንነጠቅ ሮጠን የምንመለስበት ነው።
እነሱም አላነበቡት" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው።
ስፒሉን ነቀለች፤ አዙራ ሰቀለች፤
የአሥራ አራቱን ኮፒ ሒሳብ ከፍላ ሄደች።

ብርሌው ከደጅ ሆኖ "ምን አለችህ?" አለኝ።
ማሽኑ ዛሬም አንዱን አኝኳል፤ እጄ ላይ ነው፣ ትኩስ ነው።
"ግባ" አልኩት፣ "ላሳይህ። በሩን ግን ዝጋልኝ።"